«ሁለት ናስ» ምን ይገዛ ነበር? በአንድ የስብከት ልማድ ላይ የቀረበ ሂስ

ማርቆስ 12፥41–44 ሲሰበክ «ሁለት ናስ ማለት ምንም የማይገዛ ቁራጭ ብረት ነው» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተዋል? ምናልባት እርስዎም ብለውት ይሆናል። እኔ ብየዋለሁ። ከአምልኮ በኋላ አንዲት እናት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ምንም ካልገዛ ታዲያ ምን አጣች?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስህተቱ የናስን ገንዘብ እንደ ብር በክብደቱ መመዘናችን ነው። የግሪክ ከተሞች ለረጅም ጊዜ የሚቀርጹት ብር ነበር፤ የነሐስ ሳንቲም በ5ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በሲሲሊና በደቡብ ኢጣሊያ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ተስፋፋ። ምክንያቱ የጉሊት ገበያ ነው። በአቴና አንድ ድራክማ 6 ኦቦል ነበር። የብር ኦቦል ከአንድ ግራም በታች ይመዝናል፤ የእርሱ ሽራፊ ደግሞ ከጣት ሾልኮ የሚጠፋ ነው። ስለዚህ ኦቦሉ በ8 «ኻልኩስ»፣ ማለትም በናስ ሳንቲም ተመነዘረ። የሳንቲሙ ዋጋ በውስጡ ካለው ናስ ዋጋ ይበልጥ ነበር፤ ልዩነቱን የሚሞላው የከተማይቱ ቃል ነው። ከግዛቷ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ተቀባይ አልነበረውም።

ከተማይቱ ቃሏን ስታጥፍ ምን እንደሚሆን አሪስቶፋንስ በአንድ ተውኔቱ አሳይቷል። ሰውየው ወይኑን ሸጦ በአፉ ሙሉ ናስ ይዞ (ያኔ ሳንቲም የሚያዘው በአፍ ነበር) ዱቄት ሊገዛ ይሄዳል። ከረጢቱን ሲዘረጋ አዋጅ ነጋሪው ይጮኻል፤ ከእንግዲህ ናስ የሚቀበል የለም! ተመልካቹ የሳቀው ስለሚያውቀው ይመስለኛል።

በሴስቶስ የተገኘ የ2ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የድንጋይ ጽሑፍ ደግሞ ከተማይቱ የራሷን የናስ ገንዘብ ለመቅረጽ የወሰነችበትን ምክንያት ሳያፍር ይናገራል፤ የከተማይቱ ምልክት እንዲዘዋወር፣ ትርፉም ለሕዝቡ እንዲሆን። ይህን ሥራ በቅንነት ስለ መራ ሜናስ የተባለ ዜጋ ተመስግኗል። «ዋጋ ቢስ» ስለሆነ ነገር ማንም ድንጋይ አያስቀርጽም።

የመበለቲቱ ሳንቲሞች ከግሪክ ከተማ የመጡ አይደሉም፤ የይሁዳ ምድር ሳንቲሞች እንደነበሩ ይታሰባል። አሠራሩ ግን ያው ነው፤ «ሌፕቶን» የሚለው ስምም ግሪክኛ ነው። ማርቆስ ራሱ ሒሳቡን ሠርቶልናል፤ ሁለቱ ሌፕታ አንድ ኮድራንቴስ ናቸው። ይህ የሮማ ሳንቲም የዲናር 1/64 ነው፤ ዲናር ደግሞ በማቴዎስ 20 የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ጥቂት ነው፣ ግን ገንዘብ ነው።

ስለ ትርጉማችንም አንድ ቃል። በቁጥር 41 ሕዝቡ የሚጥለው በግሪኩ «ኻልኮስ»፣ ናስ ነው፤ ነባሩ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ገንዘብ» ይለዋል። በቁጥር 42 ደግሞ ሌፕታ «ናስ» ይባላሉ። ኻልኮስ በጥቅሉ ገንዘብንም ስለሚያመለክት ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም። ነገር ግን «ባለጠጎች ወርቅ፣ እርስዋ ናስ» እያልን የምንገነባው ንጽጽር የቆመው በዚህ የአማርኛ ቃል ላይ እንጂ በማርቆስ ላይ አይደለም። የማርቆስ ንጽጽር በትርፍና በኑሮ መካከል ነው።

እናቲቱ ልክ ነበሩ። ሳንቲሞቹ ምንም ካልገዙ፣ ጌታ «ኑሮዋን ሁሉ» ያለው ባዶ ይሆናል። የሚገዙ ከሆነ ግን፣ የዚያን ቀን ምግቧ ወደ መዝገቡ ገብቷል፤ ያን ጊዜ የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉት የሚናገረው ቁጥር 40 ከአጠገቡ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ምንባቡን ለሕንፃ ማሠሪያ መባ በሚሰበሰብበት እሑድ ስንመርጠው፣ እኔን ጨምሮ፣ ንባቡን የምንጀምረው ከቁጥር 41 ነው።