«ከጦርነት በፊት የተሠራ»፦ በብሩክሊን ወደብ ዳርቻ ስለሚታደሱ የሠራተኛ ቤቶች

የኪነ ሕንፃ ሂስ ዘወትር የሚያተኩረው በቤተ መንግሥት፣ በቤተ እምነትና በአደባባይ ሐውልት ላይ ነው። ሰው የሚበላበትና የሚተኛበት ተራ ቤት፣ ያውም ታድሶ ለሽያጭ የወጣ፣ ለሂስ ይበቃል ብሎ ብዕሩን የሚያነሣ ጸሐፊ ጥቂት ነው። ይሁንና አንድ ኅብረተሰብ ለሰው ልጅ ያለውን ግምት ከሐውልቱ ይልቅ ከመኝታ ክፍሉ ስፋትና ከመስኮቱ አቅጣጫ ማንበብ ይቀላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን፣ ኮብል ሂል በሚባለው ሰፈር የወደብ አቅጣጫ ጠርዝ ላይ የቆሙትን «ሆም» እና «ታወር» የተባሉ ሕንፃዎች፣ በተለይም አፓርታማዎቻቸው ሲታደሱና ሲሸጡ የሚደርስባቸውን ለውጥ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በዚያች ከተማ የቤት ደላሎች ቋንቋ «ከጦርነት በፊት የተሠራ» የሚባል ማዕርግ አለ። ለእኛ አገር አንባቢ ጦርነት ያለ ቅጽል ሲጠራ ቀድሞ ትዝ የሚለው በ1935 የተጀመረው የኢጣሊያ ወረራ ሊሆን ይችላል፤ በኒው ዮርክ ግን የሚያመለክተው ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉም በጠንካራ እንጨት የተነጠፈ ነው ተብሎ ይታመናል። እምነቱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ማዕርጉ እንደ ሰፊ ጆንያ ነው፤ በ1920ዎቹ ለባለጸጋ የተሠራውን፣ የቤት ሠራተኛ መኝታ ሳይቀር ያለውን አፓርታማና በ1870ዎቹ ለላብ አደር የተሠራውን ጠባብ ቤት በአንድነት ይይዛል። ቤቱ ለማን ተሠራ የሚለው ጥያቄ በዚህ ጆንያ ውስጥ ቦታ የለውም። የእኛም ሂስ የሚነሣው ከዚሁ ጥያቄ ነው።

«ሆም» በ1877፣ «ታወር» በ1879 ተጠናቀቁ። አሠሪው አልፍሬድ ትሬድዌይ ዋይት የተባለ የብሩክሊን ነጋዴ ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው የዊልያም ፊልድና የልጁ ድርጅት ነበር። ዋይት ሐሳቡን የቀሰመው ሲድኒ ዋተርሎ በለንደን ለሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች ነው። ንድፉ ዛሬም ቢሆን ያስደንቃል። ሕንፃው ቀጭን ነው፤ እያንዳንዱ አፓርታማ ከሁለት ክፍል የበለጠ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ደረጃዎቹ ከሕንፃው ልብ ወጥተው በውጪ ማማዎች ውስጥ ተተክለዋል፤ ከደረጃው ወደየቤቱ የሚያደርሱትም የብረት መከላከያ ያላቸው ክፍት ሰገነቶች ናቸው። መጸዳጃው በየቤቱ ውስጥ ነው። ከቦታው ግማሽ ያህሉ ሳይገነባበት ለግቢ ተትቷል።

ይህ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደነበረ ለመረዳት ወንዙን ተሻግሮ ማየት ይበቃል። «ታወር» በተጠናቀቀበት በዚያው በ1879 በኒው ዮርክ የወጣው የኪራይ ቤቶች ሕግ ያስከተለው «ዳምቤል» የተባለውን ወገበ ጠባብ ሕንፃ ነው። የመካከል ክፍሎቹ የሚተነፍሱት በሁለት ሕንፃዎች መካከል በተተወች የጉድጓድ ያህል ቀዳዳ ነበር። ሕጉ መስኮት ይኑር አለ፤ መስኮቱም ኖረ፤ ብርሃን ግን አልመጣም። ጨለማው የመጣው መሐንዲሶች ብርሃን መሳብ ስላላወቁ አልነበረም። እያንዳንዱ ክንድ መሬት ኪራይ እንዲወልድ ስለተፈለገ ነበር። ዋይት ከገንዘቡ የሚያገኘውን ወለድ በዓመት ከመቶ አምስት ያህል ስለወሰነው ግማሹን መሬት ባዶ ሊተው ቻለ። ስለዚህም የእነዚህን ቤቶች ብርሃን ከዚያ የትርፍ ገደብ ለይቶ ማየት አይቻልም።

እዚህ ላይ ዋይትን ለማወደስ አንቸኩል። በ1890 ስለ ኒው ዮርክ ድሆች የጻፈው ጃኮብ ሪስ ቤቶቹን በአርአያነት ጠቅሷቸዋል፤ አርአያነታቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ቤቶች መኖር የሚችለው ቋሚ ደመወዝ ያለው ሠራተኛ ነበር። ዕለቱን ጠብቆ ሥራ የሚለምነው፣ መርከብ ካልመጣ ጾሙን የሚያድረው ጫኝና አውራጅ በጨለማው ክፍል ቀርቷል። የበጎ አድራጊ ከበርቴ ልግስና የጀመረውን ሕግ ሆኖ እስኪቀጥል ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ በኒው ዮርክ ለአዳዲስ የኪራይ ቤቶች እውነተኛ የብርሃንና የአየር ግዴታ የተጣለው በ1901 ነው።

ከዚያ ወዲህ ዳርቻው ራሱ ተለወጠ። በ1950ዎቹ የተጠናቀቀው አውራ ጎዳና በሂክስ መንገድ አጠገብ ቦይ ሆኖ ተቆፈረና ሰፈሩን ከወደቡ ቆረጠው። አርተር ሚለር በ1955 ለመድረክ ባቀረበው «ከድልድዩ ላይ ሲታይ» በተሰኘው ተውኔት ውስጥ የምናውቃቸው የሬድ ሁክ ወደብ ሠራተኞች ኑሮም ብዙ አልቆየም፤ የዕቃ ማጓጓዣው ኮንቴይነር ከ1956 ጀምሮ ሲስፋፋ ሥራው ወደ ኒው ጀርሲ ዞረ። በ1969 ኮብል ሂል የታሪክ ቅርስ ሰፈር ሆኖ ተመዘገበ። በ21ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የ«ሆም» እና የ«ታወር» አፓርታማዎች ከኪራይ ወደ ግል ይዞታ እየዞሩ አንድ በአንድ ይሸጡ ጀመር።

አሁን ወደ እድሳቱ እንግባ። እንደዚህ ያሉ አሮጌ ቤቶች ለገበያ ሲታደሱ የመጀመሪያው ምልክት ልስኑ ተልጦ የሚወጣው የጡብ ግድግዳ ነው። ማስታወቂያው «የጥንቱ ጡብ» እያለ ይኩራራበታል። ነገር ግን በዚያ ዘመን የመኖሪያ ክፍል ግድግዳ ይለሰን ነበር፤ ጡብ ጌጥ ሆኖ የተደረደረው በውጪው ገጽ ላይ ነው። የመርከብ ሠራተኛዋ ሚስት እንግዳ የምትቀበልበት ክፍል ውስጥ ጡቡ ራቁቱን ቢታይ አፍራ ትሸፍነው እንደነበር አልጠራጠርም። በእኛም አገር ምርጊቱ የረገፈ ግድግዳ የባለቤቱ እጅ ማጠሩን ይመሰክራል እንጂ ታሪክ ተብሎ አይሸጥም። ታዳሹ አሮጌ ነገር አገኘሁ ብሎ ያሳየን በ1870ዎቹ ያልነበረ አዲስ ነገር ነው። ይህ በቅርጽ መዋሸት ነው።

በአንጻሩ ብዙ ተቺዎች የሚነቅፉትን፣ በማእድ ቤትና በሳሎን መካከል ያለውን ግድግዳ ማፍረስን እኔ እደግፈዋለሁ። የመሸከም ኃላፊነት የሌለበት ከሆነ የግድግዳው መነሣት ነፋሱ ያለ እንቅፋት እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ይህም ከመጀመሪያው ንድፍ መንፈስ ጋር ይስማማል። የታደሰው የውኃ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ማሞቂያም የሚመሰገን ሥራ ነው። ድህነትን ለቅርስ ብሎ ማቆየት ተገቢ አይደለም።

የከፋው ስሕተት በዚያው ቤት በሌላ ወገን ይፈጸማል። በጎዳናው ቦይ አቅጣጫ ያለው መስኮት በድምፅ ምክንያት በድርብ መስተዋት ይዘጋል፤ መካከሉ ላይ ሁለተኛ መታጠቢያ ቤትና ቁም ሣጥን ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ የአየር ማቀዝቀዣ ይተከላል። ቤቱ የተቀጠነው ለነፋሱ ሲባል እንደነበር ማንም አያስታውስም። ማስታወቂያው ግን አሁንም «ብርሃንና አየር የሞላበት፣ ለውኃው ቅርብ» ይላል። በትርፍ ገደብ የተገኘውን ብርሃን ገደብ በሌለው ዋጋ ይሸጣል፤ አየሩን ደግሞ ራሱ ዘግቶታል።

ሕጉስ ምን ይላል? የከተማዋ የቅርስ ኮሚሽን ሥልጣን በዋናነት በውጪው ገጽ ላይ ነው፤ በግል አፓርታማ ውስጥ የሚፈርሰውን ግድግዳና የሚላጠውን ልስን አይጠብቅም። ስለዚህ የሕንፃው ውጪ እንደ ሙዚየም ተጠብቆ ውስጡ በየሽያጩ ይገለባበጣል። ደረጃዎቹና ሰገነቶቹ ግን የውጪው ገጽ አካል በመሆናቸው ተርፈዋል። በመሆኑም ገዢው ቁልፉን ይዞ ወደ በሩ ሲሄድ የሚረግጠው ያንኑ የ1879 ክፍት ሰገነት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ይረጥባል፣ ጎረቤቱንም እዚያው ፊት ለፊት ያገኘዋል።