አራት ቁራጭ ቆዳ

የራግቢን ኳስ በጣት ስንዳብሳት አራቱ ስፌቶች ጫፏ ላይ ሲገጥሙ ይሰማናል። የተሰፋችው ከአራት ቁራጭ ነው፤ እያንዳንዱ ወገቡ ሰፊ፣ ሁለት ጫፉ ቀጭን፣ እንደ ቅጠል የተቆረጠ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ28 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። ክብደቷ ከ410 እስከ 460 ግራም ነው። ክቧ የእግር ኳስ ደግሞ ከ410 እስከ 450 ግራም ትመዝናለች። ሚዛን ላይ አይለያዩም ማለት ይቻላል።

የሞላላነቷ መነሻ አሳማ ነው። በእንግሊዟ ራግቢ ከተማ ዊልያም ጊልበርት የሚባል ጫማ ሰፊ ለከተማዋ ትምህርት ቤት ልጆች ኳስ ይሠራ ነበር። የአሳማ ፊኛ ይነፋና በጫማ ቆዳ ይለበጣል። ፊኛ ተነፍቶ ክብ አይወጣም፤ እንደ ፕሪም ፍሬ ይሞላላል። የኳሷም መጠን እንደ አሳማው ነበር። የዚያው ከተማ ጫማ ሰፊ ሪቻርድ ሊንደን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ፊኛውን በጎማ ተካው፤ መንፊያም ከነሐስ ሠራለት። ሚስቱ ጥሬ ፊኛ በአፏ ስትነፋ ሳንባዋን ታማ እንደሞተች ይነገራል።

ጎማ የተፈለገውን ቅርጽ ይይዛል። ክብ ኳስ መሥራት ቀላል ሆነ፤ የራግቢ ተጫዋቾች ግን ሞላላዋን አልለቀቁም። ክንድና ጎድን መሐል ልክ ትገባለቻ! እ.ኤ.አ. በ1863 ለንደን ላይ የተቋቋመው የእግር ኳስ ማኅበር ኳስ ታቅፎ መሮጥን ከሕጉ አወጣ። ታቅፈው የሚሮጡት እ.ኤ.አ. በ1871 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ።

እኔን ይበልጥ የምትይዘኝ የአሜሪካን ፉትቦል ኳስ ናት። እሷም አራት ቁራጭ ናት፤ የምትሰፋው ግን በግልባጯ ነው። ቆዳው በእንፋሎት ይለሰልሳል። ከዚያ ሠራተኛው በብረት ዘንግ እየገፋ በጠባቡ ክፍተት ወደ ውጭ ይገለብጣታል። ስፌቱ ሁሉ ውስጥ ይቀራል። ጎማው በዚያው ክፍተት ገብቶ አፉ በማሰሪያ ይጠፈራል።

ክቧም ኳስ ድሮ በጠፍር ትታሰር ነበር፤ በቴስታ የመታት ያውቀዋል። ከእሷ ላይ ጠፍሩ ቀረ። አሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1906 ኳስን በእጅ ወደፊት መወርወር ተፈቀደ፤ ኳሷም በየጊዜው እየቀጠነች ሄደች። ማሰሪያው አሁን የጣት መያዣ ነው። ወርዋሪው ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል፣ ኳሷን በመዳፉ አዙሮ ጣቶቹን እዚያ ላይ ያሳርፋል።