ኮፈኑን ከፍተው ሞተር ያጡ ደራሲዎች

በታሪኮቻችን ውስጥ አሮጌ መኪና ሲገባ ብዙ ጊዜ ሥራው አንድ ነው፤ የሌላ ነገር ምልክት መሆን። የወደቀ ንጉሥ ያሳያል፣ የተበላሸ ትዳር ያሳያል፣ ያለፈ ወጣትነት ያሳያል። መኪና ሆኖ ግን እምብዛም አናየውም። ካንዴላው አይጠቁርም፣ ዘይት አያንጠባጥብም፣ ባለቤቱ እሁድ ጠዋት ከሥሩ ተኝቶ ሲሳደብ አናገኘውም። ይሄ ነገር ያበሳጨኛል። እዚህ አገር አሮጌ መኪናን በሕይወት ማቆየት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ክርክር፣ የራሱ ውሸታሞችም አሉት። ደራሲ ይህን ትቶ ምን ፍለጋ እንደሚሄድ አይገባኝም።

በጣም ከምናውቀው እንጀምር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ነው። ፖላንዳዊው ሪሻርድ ካፑሺንስኪ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ንጉሠ ነገሥቱ» መጽሐፍ ይህችን ቅጽበት ዓለም ሁሉ እንዲያስታውሳት አደረገ። ሮልስ ሮይስ የለመዱ ንጉሥ በሕዝብ መኪና ሲወሰዱ፣ ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነው። ካፑሺንስኪ እውነትን አብዝቶ ቀለም ይቀባል ተብሎ ሲተች ኖሯል፣ ትችቱም ተገቢ ይመስለኛል። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። ከኋላ ለመቀመጥ የፊት ወንበር መታጠፍ አለበት፣ ሰውየውም ጎንበስ ብሎ መሹለክ አለበት፤ ንጉሥም ቢሆን። ውርደቱን የሠራው የመኪናው አሠራር ነው እንጂ የዋጋው ርካሽነት ብቻ አይደለም። ታዲያ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያች መኪና በተደጋጋሚ ሲነገር ስንሰማ፣ ስለ ወንበሩ የሚያወራልን ስንቱ ነው?

ቀጥሎ ቀይዋ ሞንቴ ካርሎ ትመጣለች። ዲናው መንግሥቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሁለተኛ ልቦለዱ፣ ዮሴፍና ማርያም የሚባሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በዚህች ሰባት ዓመት ባለፋት የሼቭሮሌ መኪና ከፒዮሪያ ተነሥተው ወደ ናሽቪል ይጓዛሉ። ከዓመታት በኋላ ልጃቸው ዮናስ ያንኑ መንገድ እንደገና ይሄድበታል። ሞንቴ ካርሎ ለቤተሰብ ተብላ የተሠራች መኪና አይደለችም፤ ሁለት በር፣ ረጅም አፍንጫ፣ ትንሽ የስፖርት መኪና አየር ያላት ናት። አዲስ መጤ ሰው እንዲህ ያለ መኪና ሲመርጥ ምን እየነገረን እንደሆነ ዲናው በደንብ ያውቃል። ከሁሉ የወደድኩለት ግን ሌላ ነገር ነው። ዮናስ አባቱ እንዴት እንደተሰደደ የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ፣ ለተማሪዎቹ ሲያወራ የጎደለውን ከራሱ እየፈጠረ ይሞላል። ይሄ ሶማሌ ተራ ላይ የምናየው ሥራ ነው! ዋናው ዕቃ ሲጠፋ ከሌላ መኪና አምጥቶ፣ ሞርዶ፣ በጉልበትም ቢሆን አስገብቶ ማስነሣት። መጽሐፉ መኪና አይጠግንም፣ ትዝታ ግን ይጠግናል፣ ያውም ኦሪጅናል ባልሆነ ዕቃ። በዚህ ረገድ ከካፑሺንስኪ ይሻላል። ካፑሺንስኪ ቀለሙን ቀብቶ ኦሪጅናል ነው ብሎ ሸጠን፤ ዲናው ግን ብየዳው የት እንዳለ በግልጽ ያሳየናል።

የሄርሞን ኃይላይ «የፍቅር ዋጋ» የተባለው የ2015 እ.ኤ.አ. ፊልም ደግሞ ታክሲን ወደ ሆድ ያወርደዋል። ቴዲ የሚባለው ወጣት ሾፌር ታክሲው ሲሰረቅበት የሚጠፋው ምልክት አይደለም፣ እንጀራው ነው። እዚህ ላይ እንኳን ደስ ብሎኛል።

እሺ፣ ከመጽሐፍ እንውጣና ወደ መንገዱ እንሂድ። አሁን ስልካችን ላይ የምናያቸውን የቮልስ ፎቶዎች አስቡ። የታጠበች፣ በሁለት ቀለም የተቀባች፣ ቸርኬዋ የሚያብረቀርቅ፣ ከኋላዋ የአዲስ አበባ አሮጌ ቤት። ቆንጆ ናቸው፣ አልክድም። ግን ሁሉም የሚነሡት በቆመ መኪና ነው። ፎቶው የባቲላሜራውንና የቀለም ቀቢውን ሥራ ያሳያል፣ የመካኒኩን አያሳይም። ስለዚህ አንድ ፈተና አቀርባለሁ፦ ይህችን መኪና ይዛችሁ ቆቦ ድረስ ውረዱ።

ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ናት። ጣርማ በርን ትወጣላችሁ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ትወርዳላችሁ፣ ኮምቦልቻ፣ እንደገና ወደ ደሴ ሽቅብ፣ ከዚያ በሐይቅና በመርሳ አድርጋችሁ ወልዲያ። ከወልዲያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጎብዬንና ሮቢትን አልፋችሁ፣ የራያ ሜዳ ይከፈታል። ቆቦ 1,470 ሜትር አካባቢ ነው፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ ግራና ቀኝ ማሽላ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ያለውን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያ የመንገዱ ጌቶች ባጃጅና አይሱዙ ናቸው፤ በአባቶቻችን ጊዜ ደግሞ ጣሊያን ሠራሹ ፊያት ኤንትሬ ነበር። መንገዱን የሠራው ጣሊያን ቋንቋውንም ትቶልን ሄዷል፦ ኮፈን፣ ቴስታታ፣ ፓራፋንጎ፣ ጎሚስታ። ሮም ሄዶ የማያውቅ የራያ ልጅ ሞተር ሲያወርድ ግማሽ ጣሊያንኛ ነው የሚናገረው።

ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የፊቱን ኮፈን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ትርፍ ጎማና ሻንጣ ነው። አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ የሚዞረው ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ በሚያዞረው በዚያው ቺንጋ ነው። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪዋ ቀይ መብራት ስትበራ፣ ሌላ መኪና ላይ «እስከ ጋራዥ ልድረስ» ይባላል፤ ቮልስ ላይ ግን ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ማቀዝቀዣም የለም ማለት ነውና እዚያው መቆም ነው። ይህን የማያውቅ ባለቤት በሸዋ ሮቢትና በቆቦ መካከል ሞተር ያቃጥላል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር። በቀደሙት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ወደዚያ ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለነበር፣ ሦስተኛው ሁልጊዜ ከወንድሞቹ በላይ ይሞቃል። ፋብሪካው ራሱ ጥፋቱን አይቶ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከዚያ አወጣው።

እንግዲህ የባለቤቶቹ ክርክር እዚህ ላይ ነው የሚጣፍጠው። አንደኛው ወገን «ኦሪጅናል ካልሆነ አልነካም» ይላል። ባለ 6 ቮልቷን እንኳ ወደ 12 መቀየር እንደ ክህደት ያየዋል፣ በምሽት ግን መብራቷ ከኩራዝ አይሻልም። ሌላው ወገን ያገኘውን ሁሉ ይቀይራል። ሁለቱም ፎቶ ላይ ያምራሉ። እኔ ዳኛ የማደርገው የራያን አቧራ ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ቮልሶች የአየር ማጣሪያቸው ዘይት የሚጠጣ ነው፤ አቧራው ዘይቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ባለቤቱ አጥቦ ዘይቱን ይቀይራል። መልኩ አስቀያሚ፣ ጥቁር ድስት የሚመስል ነገር ነው። አሻሻዩ ያንን ጥሎ የሚያብረቀርቅ ትንሽ የስፖርት ማጣሪያ ይገጥምና ቪዲዮ ይሠራል። ቦሌ ላይ ምንም አይሆንም። ከዋናው አስፋልት ወጥታ በአቧራማ መንገድ ወደ ገጠር የምትገባ ቮልስ ላይ ግን ያ ጥቁር ድስት የፒስቶኑ ዕድሜ ነው።

ግን ደግሞ የኦሪጅናሎቹን ያህል የተሳሳተም የለም። ፋብሪካው ራሱ ማቀዝቀዣውን ያነሣ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ 12 ቮልት የቀየረ መሐንዲስ ቤት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተሠርተዋል፣ በየጊዜውም ሲሻሻሉ ነበር። የትኛዋ ናት ታዲያ ኦሪጅናሏ? ለከፍታው ተብሎ አዲስ አበባ ላይ የካርቡራቶሩ የነዳጅ ቀዳዳ እንዲጠብ የተደረገባት መኪና ወደ ቆላ ስትወርድ አየሩ ይወፍርባታል፣ ነዳጇ አንሶ ልትሞቅ ትችላለች። ሙቀቱ በበኩሉ አየሩን መልሶ ያሳሳዋል፣ ስለዚህ ሂሳቡ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። መካኒኩ ካንዴላውን አውጥቶ ቀለሙን ያያል፦ ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷል፣ ጥቁር ከሆነ በዝቷል፣ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ማንበብ ማለት ይሄ ነው። ከብዙ የሥነ ጽሑፍ ሂስ የተሻለ ንባብ ነው፣ የእኔንም ጨምሮ።

ይህ ሁሉ የትርፍ ሰዓት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ብዙም አላወራበትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ገቢ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ኤሌክትሪክ መምጣቱን አልቃወምም። ነገር ግን ከዚህ በኋላ አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና ምትኩ ከውጭ የማይመጣ ነገር እየሆነ ነው፤ የሚያውቀው መካኒክም እያረጀ ነው፣ ልጁ ደግሞ ባጃጅ መጠገን ይሻለዋል፣ አይፈረድበትም። የቆቦ መንገድ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈበት መንገድ ነው። መንገድ ሲዘጋ መለዋወጫ አይመጣም፣ እናም በእጅ ባለ ዕቃ ማስነሣት የሚችል ሰው ያን ጊዜ ፎቶ አንሺ አይደለም። ቫልቭን ሞተሩ በቀዘቀዘበት በ0.15 ሚሊሜትር ማስተካከል የሚችል እጅ በቃል ብቻ አይወረስም፤ አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ያስፈልጋል።

ለዚህ ነው ልቦለዶቻችን ላይ የምጨክነው። አንድ ምዕራፍ ብቻ እፈልጋለሁ። ቺንጋው ጎብዬ አካባቢ ይበጠስ። ቀይዋ መብራት ትብራ። ልጅየው ዝም ብሎ ይንዳ፣ አባትየው «ቁም!» ብለው ይጩኹ፣ ልጁ ስለ ባትሪ መስሎት ይሳቅ። ከዚያ ይቁሙ። ኋላ ያለው ኮፈን ይከፈት፣ ሙቀቱ ፊታቸውን ይምታው፣ የተበጠሰው ቺንጋ እንደ እባብ ተጠምዝዞ ይታይ። ትርፍ ቺንጋ አለ ወይ? አባትየው ወደ ፊት ሄደው ሻንጣ ማስቀመጫውን ከፍተው ይፈልጉ። ማሽላ የጫነ አይሱዙ አቧራውን እያለበሳቸው ይለፍ። ስለ ንጉሡም፣ ስለ ትዳራቸውም የሚያወሩት እዚያ ቆመው፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ሲጠብቁ ይሁን።