ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ሃይማኖትና ስለ ቀይ ቀለም

በዚህ ገጽ ስለ ቅኔና ስለ ዜማ፣ ስለ ገድላትና ስለ አዳዲስ መጻሕፍት ሲጻፍ አንብበናል፤ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ግን የተጻፈ አላየሁም። ምናልባት ከአንባቢዎች አንዳንዱ «ይህ የልጆች ነገር ነው፤ ለቅኔ ሰው ምኑ ነው?» ይለኝ ይሆናል። ዳሩ ግን በዚህ በሳንጃ፣ በቆላው አገር፣ የሰሊጡ አጨዳ ካለቀ በኋላ ወጣቱ በየጥላው ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ የሚውለው በጨዋታ ነው፤ ካህናትም ከዐውደ ምሕረት ላይ ስለዚሁ ሲገሥጹ እንሰማለን። ያላነበቡትን መጽሐፍ መንቀፍ ለሊቅ የማይገባ ከሆነ፣ ያላዩትንም ጨዋታ መንቀፍ አይገባም። ስለዚህ በጎንደር ከተማ የሚማረው የእህቴ ልጅ በክረምት ዕረፍቱ በመጣ ጊዜ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ እንዲያሳየኝ ለመንሁት። እርሱም «የኔታ፣ እርስዎ ሊጫወቱ ነው?» ብሎ ሣቀ። «አንተ ተጫወት፤ እኔ እመለከታለሁ» አልሁት። ብዙ ምሽት እንዲሁ አሳለፍን።

ከጨዋታው ዓይነት ሁሉ እኔን የያዘኝ ተጫዋቹ የሌላ ሰው ስምና ጠባይ ለብሶ የሚጫወተው ነው። በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ተጫዋቹ በተሣለለት አገር እየዞረ ይነጋገራል፣ ይገበያያል፣ ይዋጋል፣ ይፈርዳል፤ የታሪኩም ፍጻሜ እንደ ሥራው ይለዋወጣል። የዚህ ሥሩ በአሜሪካ አገር በ1974 (ይህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡት፣ በወረቀትና በእርሳስ የሚጫወቱት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። በዚያም ከመጀመሪያው ቀን ከጦረኛውና ከአስማተኛው ጋር ሦስተኛ ሆኖ ካህን ነበረበት፤ ሥራውም ቁስለኛን መፈወስና ከመቃብር የተነሡትን ርኩሳን ማባረር ነው። እንግዲህ ሃይማኖት በዚህ ጨዋታ ውስጥ በኋላ የገባ እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን ካህን ስላለበት ብቻ መንፈሳዊ ነው ማለት አይቻልም። በ1986 ዩጂ ሆሪ የተባለው ጃፓናዊ የጀመረው «ድራገን ክዌስት» የተባለ ጨዋታ አለ። በዚህ ጨዋታ ተከታታይ ክፍሎች ውስጥ በየከተማው ቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ ካህኑም መርዝ የነካውን ያድናል፣ የሞተውንም ያስነሣል። ይህን የሚያደርገው ግን በወርቅ ተከፍሎት ነው። ጃፓናውያኑ ይህን የሠሩት በክፋት አይመስለኝም፤ የክርስትናን ነገር ከሩቅ አይተው ለመልኩ ወድደውት ይሆናል። ይልቅስ የሚያስደንቀው ጨዋታው ወደ አሜሪካ በተሻገረ ጊዜ የሆነው ነው። ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ የአሜሪካ ቅርንጫፍ በዚያ ዘመን የሃይማኖት ምልክት በጨዋታ ላይ እንዳይታይ ይከለክል ስለ ነበረ መስቀሉ ተፍቆ ወጣ። ካህኑ ግን በዋጋ ሙት ማስነሣቱን አልተወም። መስቀሉን አስወግደው የሲሞን መሠርይን ንግድ አስቀሩት ማለት ነው።

በቅኔ ቤት ተማሪ የቈጠረውን ይዞ ሲቀርብ መምህሩ የሚመረምረው የሰሙን ማማር ብቻ አይደለም። ስለ መስቀል ተናገርሁ ብሎ ቢመጣና ወርቁ ቢመረመር የገበያ ወሬ ሆኖ ቢገኝ ያፈርስበታል። የጨዋታም ነገር እንዲሁ ነው። መስቀሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ቀሚሱ ሰሙ ናቸው፤ ወርቁ ግን ሕጉ ነው፤ ይኸውም ጨዋታው ምኑን እንደሚቈጥር፣ ምኑን እንደሚሸልም፣ ምኑን ከተጫዋቹ እንደሚሰውር ነው። ሳንሱር አድራጊዎቹ ሰሙን ሲጠብቁ ወርቁ አለፋቸው።

የእኛም አገር ስም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። «ሲቪላይዜሽን» በተባለው የመንግሥት ጨዋታ ስድስተኛ ክፍል ላይ በ2020 ኢትዮጵያ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ተጨምራለች። በዚያ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ቢሠሩ በዙሪያው ባለው ተራራና ኮረብታ ቍጥር ልክ «እምነት» ይወጣል፤ ያም ተጠራቅሞ ሐዋርያ ይገዛበታል፤ ሐዋርያቱም ከሌላ ሃይማኖት ሐዋርያት ጋር በመብረቅ ይደባደባሉ! የላሊበላን ሥራ ያሰበ ሰው ሣቅም ኀዘንም ይይዘዋል። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» በተባለው የጦር ጨዋታ ሁለተኛ ክፍል ላይ ደግሞ በ2015 በተጨመረው ስለ ኢትዮጵያ የተመረጠችው ባለ ታሪክ ዮዲት ናት፤ አብያተ ክርስቲያናትን ስለ ማቃጠሏ ከአባቶቻችን የሰማነው ያቺው ናት፤ የሳንጃ ልጅ ቢጫወተው አክሱምን የሚወጋው በእርሷ ሰይፍ ይሆናል። እነዚህ ግን የጦርና የመንግሥት ጨዋታዎች ስለ ሆኑ ከዚህ በላይ አልቈይባቸውም።

ወደ ጀመርሁት ልመለስ። በ1985 ሪቻርድ ጋሪዮት የተባለ ሰው «አልቲማ» ለተባለው ጨዋታ አራተኛ ክፍል አወጣ። ከዚያ አስቀድሞ ጨዋታዎቹን አስመልክቶ ከወላጆች የነቀፋ ደብዳቤ ደርሶት ነበር፤ እርሱም ራሱን መርምሮ የሚገደል የመጨረሻ ጠላት የሌለበት ጨዋታ ሠራ። የተጫዋቹ ግብ ስምንት ምግባራትን መፈጸም ነው፤ እነርሱም ሐቀኝነት፣ ርኅራኄ፣ ጀግንነት፣ ፍትሕ፣ መሥዋዕትነት፣ ክብር፣ መንፈሳዊነትና ትሕትና ናቸው። በዚያ አገር ዕፅ የምትሸጥ አንዲት ዕውር ሴት አለች። ዋጋውን ትነግርሃለች፤ ገንዘቡን ግን ቈጥረህ የምታስቀምጠው አንተ ነህ። ብታሳንስ አታውቅም፤ ዕፁንም ይዘህ ትሄዳለህ፤ የሚከለክልህ፣ የሚጮኽብህም የለም። ይሁን እንጂ ጨዋታው በስውር ይቈጥራል፤ ከብዙ ቀን በኋላ ወደ ምግባሩ መቅደስ ስትሄድ ያልበቃህ ሆነህ ትገኛለህ። በዕውር ፊት ዕንቅፋት አታኑር የሚለውን የኦሪት ቃል የሚያውቅ አንባቢ ይህ ከሥዕል መስቀል ምን ያህል እንደሚበልጥ ይመዝነው።

ነቀፌታ የለበትም አልልም። ጨዋታው ሲጀመር ሰውን የምትመረምረው ካርታ የምትዘረጋ ጠንቋይ ናት፤ ይህን የሚወድ ካህን አይገኝም። ደግሞም ምግባሩ ሁሉ ከእውነት፣ ከፍቅርና ከድፍረት ይወጣል ሲል አምላክን አልጠራም። ትሕትናን ግን ከሦስቱ ከአንዱም አላወጣትም፤ ከሁሉ ተለይታ ብቻዋን ቆማለች። አባቶች ትሕትናን ከምግባራት ሁሉ በታች እንደ መሠረት ያኖሯታል፤ እርሱ ያለ ሥር ተዋት። የሚገርመው ግን ልዩ ቦታ እንዳላት በራሱ መንገድ ማወቁ ነው። ከዚህ የሚከፋው ሌላ ነው፤ ተጫዋቹ የሚቈጠር ነገር መኖሩን ካወቀ በኋላ ለለማኝ የሚሰጠው ስለ ለማኙ አይደለም፤ ስለ ቍጥሩ ነው። ፈሪሳዊው በምኵራብ አደባባይ መለከት እንደሚያስነፋ ማለት ነው። ምግባር በቍጥር ሲሰፈር ይህ አይቀርም፤ ሠሪው ቍጥሩን የሰወረው ይህን ስለ ፈራ ይመስለኛል።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ ግን «ፔንቲመንት» የተባለው ነው። ይህን በጆሽ ሶየር መሪነት ኦብሲዲያን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2022 አወጣው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1518፣ ሉተር በተነሣ በዓመቱ፣ በጀርመን በባቫሪያ አገር፣ ታሲንግ በተባለች መንደርና ኪርሳው በተባለ ገዳም ነው፤ መንደሩም ገዳሙም የፈጠራ ናቸው። ተጫዋቹ አንድርያስ ማለር የተባለ ሠዓሊ ሆኖ በገዳሙ የመጻሕፍት ቤት ይሠራል። ቀኑ የሚከፈለው በጸሎት ሰዓት ነው። ድምፅ የለም፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ሁሉ በብዕር ሲጻፍ ይታያል፤ የገበሬው ጽሕፈት ሌላ፣ የመነኩሴው ሌላ፣ የተማረው ሌላ ነው፤ ብዕሩም ይሳሳትና ያርማል።

በመጀመሪያው ምሽት ከወንበሬ ያስነሣኝ አንድ ነገር ነበር። ከሰዎቹ አንዱ የእግዚአብሔርን ስም ሲጠራ ብዕሩ ያን ቦታ ባዶ ትቶ ዐረፍተ ነገሩን በጥቁር ጨረሰ፤ ከዚያም ተመልሶ ስሙን በቀይ ቀለም ሞላው። «ይህን ማን አስተማራቸው?» ብዬ ጮኽሁ። የእህቴ ልጅ ምን እንዳየሁ አልገባውም ነበር፤ የጸሎት መጽሐፌን አምጥቼ አሳየሁት። የእኛ ጸሐፍት እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ጥቁሩን ጽፈው የአምላክን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳኑን ስም ቦታ ትተው በኋላ በቀዩ ይሞሉታል። የቀዩ ተራ ሳይደርስ የቀረ፣ ቦታው እስከ ዛሬ ባዶ የሆነ ብራናም ያየ ያውቃል። ሠሪዎቹ ይህን ያመጡት ከምዕራብ ገዳማት መጻሕፍት ነው፤ ልማዱ ግን የጋራ ነው። ተጫዋቹ በዚህ ነጥብ አያገኝም፤ የሚገዛበትም ነገር የለም። ስሙ ስለ ከበረ ብቻ ቀለሙ ይለወጣል፤ አንባቢውም ጥቂት ይጠብቃል። «ሲቪላይዜሽን» እምነትን ከኮረብታ ሲለቅም፣ ይህኛው በአንድ ብልቃጥ ቀይ ቀለም አክብሮትን አሳየ።

በዚያው ገዳም ስብሐት የሚባል ኢትዮጵያዊ ካህን በእንግድነት ተቀምጧል። የታሪክ ሰዎች «በ1518 ሐበሻ በባቫሪያ ምን ይሠራል?» ይሉ ይሆናል። ስብሐት ፈጠራ ቢሆንም ሐሰት አይደለም፤ በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ የኢትዮጵያ መነኮሳት የሚያርፉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነበረ፤ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ከእነርሱ ግእዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በ1513 በዚያው በሮም አሳትሟል፤ አባ ተስፋ ጽዮንም በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተመ። ስብሐት ለመንደሩ ሰዎች የወንጌልን ታሪክ ሲነግራቸው የጨዋታው ሥዕል ራሱ ይለወጥና ወደ እኛ መጻሕፍት ሥዕል ይገባል፤ ዐይኑ የጎላ፣ ቀለሙ የደመቀ፣ በየቤተ መቅደሳችን የምናውቀው ሥዕል ነው። ካህኑ የጦር መሣሪያ አልተሰጠውም፤ ኀይልም አልተጨመረለትም፤ መጽሐፉን ገልጦ ያስተምራል፤ ይኸው ነው ሥራው።

አንድ ነገር ግን ልብ ያለው ተጫዋች እንዳያልፈው። አንድርያስ በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ አሳቦቹ በአንድ አዳራሽ የተቀመጡ አማካሪዎች ሆነው ይታዩታል፤ ከእነርሱም አንዱ ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ፣ ፈረንጆች ፕሬስተር ጆን የሚሉት ነው። ይህ አውሮፓውያን ያላዩትን ክርስቲያን ንጉሥ ሲሹ ያለሙትና በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ያመጡት ስም ነው፤ በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው አልቫሬዝ እንኳ ስለ አገራችን የጻፈው መጽሐፍ በ1540 ሲታተም በዚሁ ስም ነው። እንግዲህ በአንድ ጨዋታ ውስጥ የታለመው ሐበሻ በዙፋን፣ እውነተኛው ሐበሻ ከገበሬዎች ጋር ተቀምጠዋል፤ አንድርያስም ሁለቱን ሳያያይዛቸው ይኖራል። ይህ ሠሪዎቹ አስበው ያደረጉት ከሆነ ከጥሩ ኅብር ይቈጠራል፤ ሳያስቡት የሆነም ቢሆን ኅብሩ አይጠፋም። የማዝነው ስብሐት እንግዳ ብቻ ሆኖ በመቅረቱ ነው፤ አንድ ሙሉ ታሪክ የሚሸከም ሰው ነበር።

የነገሩ ክብደት ያለው ግን በፍርዱ ላይ ነው። በገዳሙ አንድ መኰንን ተገደለ፤ የአንድርያስ ወዳጅ ሽማግሌው መነኩሴ ጲዬሮም በሬሳው አጠገብ ስለ ተገኘ ተያዘ። አንድርያስ እርሱን ለማዳን እውነተኛውን ገዳይ መፈለግ አለበት፤ ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ከአንዱ ጋር ማዕድ ሲቀመጥ ሌላውን መጠየቅ ያመልጠዋል። በመጨረሻ የተገኘውን ይዞ በፈራጁ ፊት ስም መጥራት ግድ ነው። ስሙ የተጠራውም ይገደላል። ጨዋታውም እውነተኛው ገዳይ ማን እንደ ነበረ እስከ መጨረሻው ፈጽሞ አይናገርም። ሌላው ጨዋታ ሁሉ ትክክል ሲሠሩ ያመሰግናል፤ ይህ ዝም ይላል። ሰው በማያውቀው ነገር ፈርዶ ከፍርዱ ጋር እንደሚኖር እንዲህ አድርጎ ያሳየ ብዙ መጽሐፍ አላነበብሁም።

የእህቴ ልጅ ኦቲልያ የምትባለውን መበለት ከሰሰ። ቤቷን ገዳሙ ሊወስደው ነበርና ቂም አላት ብሎ ነው። ፍርዱ ሲፈጸምባት አብረን አየን። ከዚያም ዞር ብሎ «የኔታ፣ እርሷ ነበረች?» አለኝ። አላውቅም አልሁት። «እንደ ገና ከመጀመሪያው ልጀምርና ሌላውን ልክሰሰው?» አለ። «ብትከስሰውስ ታውቃለህን?» አልሁት። ኮምፒዩተሩን ዘጋው።

በማግሥቱ ከኪዳን ስመለስ በር ላይ ጠብቆ የጨዋታው ስም ምን ማለት እንደ ሆነ ነገረኝ፤ በሌሊት ፈልጎ አግኝቶታል። በኢጣልያ ቋንቋ ሠዓሊ አሳቡን ለውጦ የቀባበት፣ ከላይኛው ቀለም በታች ግን አሁንም የሚታይ የቀድሞው መስመር ነው፤ ቃሉም ከንስሐ የወጣ ነው። ይህን ሲነግረኝ በእጁ አንድ ቅጠል ወረቀት ይዞ ነበር፤ ተቀብዬ ባየው ጊዜ ስላጠረው ሳይጠይቃቸው የቀሩትን ሰዎች ስም ጽፎበታል።