ወረራና ሰዓት፦ የዓለም ቼዝ ሻምፒዮኖች ስልት በሰንጠረዥ ሲመዘን

ስለ ዓለም ቼዝ ሻምፒዮኖች የተጻፈው አብዛኛው የጠባይ ታሪክ ነው። ታል ደፋር፣ ፔትሮሲያን ጠንቃቃ፣ ፊሸር ግትር እየተባለ እያንዳንዱ ስልት ከባለቤቱ ጠባይ ይቀዳል። ይህ አነባበብ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ተጫዋች ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ በቃሉ የያዘው ነገር አለ፤ እዚያው ሊፈታው የሚገባው ነገርም አለ። ስልት የሚወለደው በሁለቱ ድንበር ላይ ነው፤ የሻምፒዮኖቹም ታሪክ ይህ ድንበር በየዘመኑ ወዴት እንደተገፋ የሚያሳይ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ለዚህ መመዘኛ የሚሆነኝ አያቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ነው።

ሰንጠረዥ የአረቦቹ ሻትራንጅ የቅርብ ዘመድ ነው። እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያካልል ጠጠር የለውም፤ በእሷ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል ደግሞ በመካከል ያለውን ዘሎ በሰያፍ ሁለተኛዋ ቤት ላይ ያርፋል። ሰሌዳው ቀይ ጨርቅ ሊሆን ይችላል፤ ቤቶቹን የሚለያቸው መስመር እንጂ ጥቁርና ነጭ ቀለም አይደለም። ከሁሉ የሚያስደንቀው አጀማመሩ ነው። ወረራ በሚባለው በዚህ ክፍል ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም በየፊናቸው፣ በፈለጉት ፍጥነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በየተራ ይሆናል። አጨራረሱም ማዕረግ ነበረው። ንጉሥን በግንብ ወይም በፈረስ መያዝ እምብዛም አያስመሰግንም፤ የሚወደሰው በፊል፣ በፈርዝ ወይም በተራ እግረኛ የተቋጨ ድል ነበር። ይህን ያቆዩልን የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ማስታወሻና በ1971 ስለ ሰንጠረዥ የተጻፉትን ሰብስበው ያጠኑት ሪቻርድ ፓንክኸርስት ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ የጻፈውም አለ። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅ ነበሩ፤ የሚበላውን ጠጠር በኃይል መትተው ከቦታው ያነሡታል። ዙሪያውን የከበበው ሰው፣ ባሮች ሳይቀሩ፣ ይህን አንሣ ያንን አስቀምጥ ይላል። መጨረሻ ላይ ግን በብልሃት ተደርጎ ሁልጊዜ አሸናፊው ራስ ናቸው። ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ቆርኪ ደርድረው ዳማ የሚጫወቱ ሰዎች ዙሪያ የሚቆመው ተመልካችም እስከ ዛሬ ዝም አይልም።

ድሬዳዋ ላይ ሆኖ ይህን ለሚመረምር ሰው የሰዓት ነገር ቀድሞ ይታየዋል፤ ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነውና። ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው፤ ላስከር ስታይኒትዝን አሸንፎ ሻምፒዮን የሆነውም በዚያው ዓመት ነው። ሐዲዱ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስለከበደው በ1902 መጨረሻ ከግርጌው ሜዳ ደረሰ፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ጣቢያም ድሬዳዋ ሆነች። አገሩ ከመነሻና መድረሻ ደቂቃ ጋር በቅጡ የተዋወቀው በዚህ መስመር ነው። ቼዝም በባቡር ምዕተ ዓመት ለሰዓት ተገዛ። በ1851ዱ የለንደን ውድድር የጊዜ ገደብ አልነበረም፤ በ1883 እዚያው ከተማ ሁለት ሰዓቶችን ያጣመረ መሣሪያ ከሰሌዳው አጠገብ ተቀመጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስታይኒትዝ ዙከርቶርትን 10 ለ5 አሸንፎ (አምስቱ አቻ ነበሩ) የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። ሰዓት በሚቆጥርበት ጨዋታ አስቀድሞ የተጠና መክፈቻ ማለት የተረፈ ደቂቃ ነው። የድንበሩ መገፋት የተጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ስታይኒትዝ ጥቃት ከተከማቸ ትንንሽ ብልጫ መነሣት አለበት አለ፤ ካፓብላንካ ያንኑ ሐሳብ እንደ ውኃ አቀለለው። ከ1916 እስከ 1924 አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። ሆኖም ጨዋታው በአቻ ተጥለቅልቆ እንዳይሞት የሰጋው እሱ ራሱ ነበር፤ ሰሌዳው ሰፍቶ ሁለት አዳዲስ ጠጠሮች እንዲጨመሩ ሐሳብ አቀረበ። በ1927 ቡዌኖስ አይረስ ላይ ከ34 ጨዋታ በኋላ አሌኪን ዘውዱን ወሰደበት። ዳግም ግጥሚያ ግን አላገኘም፤ ሻምፒዮኑ ተጋጣሚውንና ውሉን ራሱ በሚወስንበት በዚያ ዘመን አሌኪን ከራስ ወልደ ሥላሴ ብዙም አይርቅም። ሥርዓቱ የተለወጠው እሱ በ1946 ሻምፒዮን እንደሆነ ከሞተ በኋላ፣ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) የ1948ቱን ውድድር ሲያዘጋጅ ነው።

ያን ውድድር ያሸነፈው የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ቦትቪኒክ ዝግጅትን ሥራ አደረገው፤ መክፈቻን ከእሱ ተከትሎ ከሚመጣው መካከለኛ ጨዋታ ጋር አያይዞ ያጠና ነበር። ሚካሂል ታል በ1960 ሞስኮ ላይ ሲገጥመው የመረጠው መንገድ በዚህ ዓይን መታየት አለበት። በስድስተኛው ጨዋታ ፈረሱን ሰዋ። አዳራሹ በጫጫታ ስለተናወጠ ጨዋታው ወደ ኋላ ክፍል ተዛወረ፤ ሞስኮ ለአንድ ምሽት እንደ ሶልት ትረካ ሆነች ማለት ነው። ኋላ የተደረገው ምርመራ መሥዋዕቱ መልስ እንደነበረው አሳየ። ቦትቪኒክ ግን መልሱን መፈለግ የነበረበት እዚያው፣ ሰዓቱ እየቆጠረበት ነበር። ስለዚህ ታል ደፋር ብቻ አልነበረም፤ የተጋጣሚውን ዝግጅት ከጥቅም ውጪ የሚያደርግ ቦታ መራጭ ነበር። በማግስቱ ዓመት ቦትቪኒክ የታልን ጨዋታ ራሱን አጥንቶ መጣና 13 ለ8 መለሰለት።

ፔትሮሲያንን ተከላካይ ብቻ ብሎ ማለፍም ግፍ ነው። በ1953 ዙሪክ ላይ ከረሼቭስኪ ጋር ሲጫወት ግንቡን በጳጳስ ሊበላ በሚችልበት ቤት ላይ አኖረ፤ ዓላማው ለፈረሱ መንገድ መክፈት ነበር፣ ፈረሱም ማንም ከማይነቅለው የመሐል ቤት ደረሰ። የጠጠር ዋጋ በስሙ ሳይሆን በቆመበት ቦታ እንደሚለካ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም፤ በፊልና በእግረኛ የሚገኝን ድል የሚያወድስ የሰንጠረዥ ተጫዋች ይህን እንቅስቃሴ ወዲያው ይረዳው ነበር።

ፊሸርና ካስፓሮቭ ዝግጅትን ወደ ጦር መሣሪያነት አሳደጉት፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ መሣሪያው ለሁሉም ተከፋፈለ። ክራምኒክ በ2000 ለንደን ላይ ንግሥቶቹ በጊዜ ሰሌዳውን በሚለቁበት የበርሊን መከላከያ ካስፓሮቭን በ15 ጨዋታ አንድ ድል እንኳ ነፈገው። በ2018 የካርልሰንና የካሩዋና 12ቱም መደበኛ ጨዋታዎች አቻ ተጠናቀቁ። ካርልሰን ከመክፈቻ ፍልሚያ ሸሽቶ ተራ የሚመስል ቦታ ላይ ሰዓታት መጫወቱ፣ በ2021 ከኔፖምኒያሽቺ ጋር አንዱን ጨዋታ 136ኛው እንቅስቃሴ ድረስ መጎተቱ፣ የድንበሩን ማዶ ፍለጋ ነው። በ2022 ዘውዱን አልከላከልም ሲል ታሪኩ ራሱ የተናገረ ያህል ነበር።

ፊሸር በ1996 ያቀረበው መድኃኒት የኋላ ረድፍ ጠጠሮችን በዕጣ ማደባለቅ ነው፤ 960 አሰላለፎች ይገኛሉ። ካርልሰን ዛሬ ይህን ጨዋታ ከልቡ ያራምዳል። ካፓብላንካ ሰሌዳ ጨመረ፣ ፊሸር ዕጣ ጨመረ፤ የሁለቱም መፍትሔ ከተጫዋቾቹ ውጭ የመጣ ነው። በወረራ ግን አሰላለፉን የሚወስኑት ሁለቱ ሰዎች ናቸው፤ እየተያዩ፣ እየተናበቡ፣ የጀመሩትን እያፈረሱ። የተጋጣሚህን እጅ ሳታይ በቃል ይዘኸው የምትመጣው ነገር እዚያ ብዙ አይጠቅምህም። ስለዚህ ወረራ ከዕጣው የተሻለ መፍትሔ ነው እላለሁ፤ ማስታወስን ሲያዳክም የሰውን ፈቃድ አይነካምና። ሊሞክሩት ለሚፈልጉ የድሬዳዋ ቼዝ ተጫዋቾች አዲስ ዕቃ አያስፈልግም። 64ቱ ቤቶች ያው ናቸው። ማንም ግማሹን ሰሌዳ ሳያልፍ በነጻ ያሰልፍ፣ ተመልካቹም በዚያ ክፍል ይናገር፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ አዳራሹ ዝም ይበል፣ ሰዓቱም ያኔ ይጀምር።