የኢያሪኮ ግንብና የዕረፍት ወራት ተማሪ

በየዓመቱ፣ በእኛ አገር ክረምት በእስራኤልና በዮርዳኖስ ግን ብርቱ ፀሐይ በሆነበት ጊዜ፣ ከልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ተማሪዎች የመጽሐፍ ቅዱስን አገር አርኬኦሎጂ ለመማር ወደዚያ ይሄዳሉ። ከመሄዳቸው አስቀድሞ ሊያነቡት የሚገባው የትኛው መጽሐፍ ነው ቢባል፣ ካትሊን ኬንየን በ1957 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያሳተሙትን «ዲጊንግ አፕ ጄሪኮ» የተባለውን እንመርጣለን። ይህን ስንል ጉድለት የለውም ማለታችን አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆን ጋርስታንግ ከ1930 እስከ 1936 በቴል ኤስ ሱልጣን ቆፍረው የወደቀ ግንብ አገኙና፣ በኢያሱ ዘመን የፈረሰው ይህ ነው አሉ። ኬንየን ከ1952 እስከ 1958 በዚያው ጉብታ ሲቆፍሩ ግን፣ ግንቡ ጋርስታንግ ከገመቱት ዘመን አንድ ሺህ ዓመት ያህል የሚቀድም ሆኖ አገኙት።

የመጽሐፉ ብርታት ይህ እንዴት እንደ ታወቀ ግልጽ አድርጎ ማስረዳቱ ነው። ቦታው በአራት ማዕዘን ይከፈላል፤ በመካከሉ ያልተቆፈረ አፈር እንደ ግድግዳ ይተዋል። በግድግዳው ላይ የአፈሩ ንብርብር ስለሚታይ፣ እያንዳንዱ ገል ከየትኛው ንብርብር እንደ ወጣ ይመዘገባል።

ነቀፌታም አለን። በኢያሱ ዘመን ነበረች የምትባለው ከተማ ፍርስራሽ ያልተገኘበትን ምክንያት፣ ደራሲዋ አፈሩ ስለ ታጠበ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ታጥቦ የሄደ አፈር ለማንም ወገን ምስክር አይሆንም። ደግሞም ስለ ጉብታው የሚናገሩት ዋና ጥራዞች የታተሙት ኬንየን በ1978 ከሞቱ በኋላ ስለ ሆነ፣ ምሁራን ከሃያ ዓመት በላይ ማስረጃውን በሙሉ ሳያዩ በድምዳሜው ላይ ሲከራከሩ ቆዩ። እርግጥ በ1995 የታተመ የተቃጠለ እህል የካርቦን 14 ምርመራ፣ የመካከለኛው ነሐስ ዘመን ከተማ ጥፋት ከ1400 ዓመተ ዓለም በፊት መሆኑን በማሳየት የኬንየንን አሳብ ደግፏል።

ለአራት ወይም ለስድስት ሳምንት የሚሄድ ተማሪ በሚገባ የሚያውቀው የቆፈረውን አራት ማዕዘን ብቻ ነው። ሲመለስ ግን ዘመዶቹ «ግንቡን አገኛችሁት ወይ?» ብለው ይጠይቁታል፤ ደስ ሊያሰኛቸው አዎን ለማለት ይፈተናል፤ የተማረ ለመምሰልም ሁሉንም ተረት ነው ለማለት ይፈተናል። «ከየትኛው ንብርብር? ከየትኛው ገል ጋር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ከሁለቱም ቢቆጠብ ይሻለዋል። ይህን መጽሐፍ ከነጉድለቱ ያነበበ ተማሪ ያን ትዕግሥት ይዞ ይሄዳል።