የስህተት መልእክትና የፍለጋ ጥበብ

አንድ ፕሮግራም ሥራውን አቋርጦ የስህተት መልእክት ሲያወጣ፣ ጀማሪ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ መልእክቱን ሳያነብ እንዳለ ገልብጦ ጉግል ላይ ያስገባዋል። መልእክቱ ግን ድብልቅ ነው፤ ከፊሉ የፋይል ስምን፣ የአቃፊ አድራሻንና የመስመር ቁጥርን የመሰለ የዚያ ኮምፒውተር ብቻ የሆነ ዝርዝር ሲሆን፣ ከፊሉ ደግሞ ያው ስህተት ለገጠመው ሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት ቃል የሚወጣ ነው። የመጀመሪያውን ጥሎ ሁለተኛውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት፣ ማለትም ቃላቱ በዚያው ቅደም ተከተል እንዲፈለጉ ማድረግ፣ የሥራው እኩሌታ ነው።

ልየታው ግን ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። የአማርኛ ጽሑፍ በፓይተን ቋንቋ የሚያነብ ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለምን ፊደላት በቁጥር የሚመዘግበው ስታንዳርድ፣ የግእዝን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ያካተተ ሲሆን፣ ዩቲኤፍ 8 በተባለው የአቀማመጥ ስልት እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይትም ዘወትር 225 ነው። አስኪ የተባለው የቆየ ስልት ከ0 እስከ 127 ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ስለሚያውቅ፣ ፋይሉን በአስኪ ለማንበብ የሚሞክር ፕሮግራም ገና የመጀመሪያው ፊደል ላይ ይቆምና ያልተነበበውን ባይትና ቦታውን ይናገራል። የቦታው ቁጥር ከፍለጋው መውጣት እንዳለበት ግልጽ ነው። አሳሳቹ ባይቱ ነው፤ ላቲን 1 በሚባለው የአውሮፓ ስልት 225 ጭረት ያለበት የላቲን ፊደል በመሆኑ፣ ቁጥሩን ጨምሮ የፈለገ ሰው በስፓኝኛ ፋይል የተቸገሩ ሰዎች ዘንድ ሊደርስና ፋይሉን በላቲን 1 እንዲያነብ ሊመከር ይችላል። ምክሩን ቢከተል ስህተቱ በእርግጥ ይጠፋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ወደ ሦስት ባዕድ ምልክቶች ይለወጣል።

የተገኘው መልስ ዕድሜም መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 በተከፈተው፣ ስታክ ኦቨርፍሎው በተባለው የፕሮግራም ባለሙያዎች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ላይ ብዙ ድጋፍ ያገኙ በርካታ የቆዩ መልሶች ለፓይተን 2 የተጻፉ ናቸው፤ የዚህ እትም ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 2020 አብቅቷል። ከእነዚህ መልሶች አንዳንዶቹ የፕሮግራሙን ነባሪ ስልት በአንድ ትእዛዝ መቀየርን ይመክራሉ፤ ያ ትእዛዝ በፓይተን 3 የለም። በድጋፍ ብዛት ብቻ መልስ የሚመርጥ ባለሙያ እንግዲህ ለሌላ ዘመን የታዘዘ መድኃኒት ይወስዳል።

ከሁሉም የከፋው ግን በአስኪ የማይነበበው ባይት እንዲታለፍ የሚያዘው አጭር መልስ ነው። የግእዝ ፊደላት ባይቶች በሙሉ ከ127 በላይ ስለሆኑ ፕሮግራሙ ያለ ቅሬታ ሥራውን ይጨርሳል፤ በውጤቱ ፋይል ውስጥ ግን እንደ ክፍት ቦታና የተለመዱት አኃዞች ያሉ የአስኪ ምልክቶች ብቻ ይቀራሉ። ስህተቱ የሚነሣበትን ምክንያት የሚያስረዳ መልስ፣ ረዘም ቢል እንኳ፣ ፋይሉ ሲከፈት ዩቲኤፍ 8 በግልጽ ይጠቀስ ይላል፤ ይህንንም በፓይተን ይፋዊ ሰነድ ላይ ማረጋገጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።